"ኪል ኻሽ" የሚያለቅሰው ለዛፉ ነው ወይስ ለጌቶቹ? ስለ አይሪሽኛ ግጥምና ተፈጥሮ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

እህቴ ሰላም፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌላውም ሰው እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። ልጅሽ አየርላንድ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ትምህርት ቤት አይሪሽኛ ትማራለች፣ መምህሯ "ኪል ኻሽ" የሚባለውን የድሮ ግጥም ሰጥታቸው "ቤት በምትናገሩት ቋንቋ ተርጉማችሁ ኑ" አለቻቸው፣ አንቺ የመጀመሪያውን መስመር "ከእንግዲህ ያለ ዛፍ ምን ልንሆን ነው" ብለሽ ተረጎምሽላት፣ ባለቤትሽ ደግሞ "ዛፉ ሰበብ ነው፣ ግጥሙ የፖለቲካ ነው፣ በዛ ዘመን ማን ለዛፍ ያለቅሳል" አለና ተከራከራችሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዛሬስ በአይሪሽኛ ስለ አካባቢ የሚገጥም ሰው አለ ወይ ብለሻል። እኔ የአየርላንድን የቆየ ሥነ ጽሁፍ አጥንቼ ለዓመታት ያስተማርኩት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ላስታርቃችሁ አልችልም። ባለቤትሽ ያለው ነገር ብዙ ምሁራንም የሚሉት ነው፣ ግን እኔ እንደሚመስለኝ መንገዱን ግማሽ ላይ ያቆመዋል። እኛ ቅኔ እየሰማን ያደግን ሰዎች አንድ ልማድ አለን፣ ወርቁን ያገኘን ለታ ሰሙን ቀልጦ እንደሚፈስ ነገር እንተወዋለን፣ "ዛፉ ማለት ጌታው ነው፣ ጫካው ማለት አገሩ ነው" ብለን ወርቁን ይዘን እንሄዳለን። ኪል ኻሽን እንደዛ ካነበብሽው ግጥሙ እጅሽ ላይ ይሞታል፣ ምክንያቱም እዛ ግጥም ውስጥ እንጨቱ እንጨት ነው፣ ወፉም ወፍ ነው።

መጀመሪያ ቦታው። ኪል ኻሽ (በእንግሊዝኛ አጠራር ኪልካሽ) አየርላንድ፣ ቲፐሬሪ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ስሊቭናሞን የሚባለው ተራራ ግርጌ ያለ ግንብ ነው፣ ዛሬ ፍርስራሹ ነው የቀረው። የበትለር ቤተሰብ አንዱ ዘር ይኖርበት ነበር፣ ካቶሊኮች ናቸው፣ ካቶሊክ መሆን መሬትም መብትም በሚያሳጣበት ዘመን የካቶሊክ ካህናት የሚጠለሉበት ቤት ነበር። ግጥሙ የሚያነሳት ደግ እመቤት ሌዲ አይቪ ናት፣ የሞተችው በ1744 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ጫካው ተሸጦ የተቆረጠው ግን ከዛ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያ ገደማ ነው። ይሄን ልብ በይ፣ ገጣሚው (ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ አንድ ቄስ ነው የሚባለው ወሬ ከዘመኑ ጋር አይገጥምም) የሴትየዋን ሞትና የዛፎቹን መቆረጥ አንድ ላይ ሰፍቶ እንደ አንድ ሐዘን ነው ያቀረበው። ባለቤትሽ "ፖለቲካ ነው" የሚለው እዚህ ጋር ነው፣ እውነት አለው።

አሁን ግን ግጥሙ ራሱ የሚለውን እይ። ሲጀምር ስለ ጌቶቹ አያወራም። "ከእንግዲህ ያለ እንጨት ምን ልንሆን ነው፣ የጫካው መጨረሻ ወደቀ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዛ እመቤቲቱን፣ ከባህር ማዶ ይመጡ የነበሩትን እንግዶች፣ የሚቀደሰውን ቅዳሴ ጥቂት ያነሳና ወዲያው ምን ውስጥ ይገባል መሰለሽ፣ ቆጠራ ውስጥ። የዳክዬና የዝይ ድምፅ አይሰማም፣ ንስሩ አይጮህም፣ ለህዝቡ ማርና ሰም የሚያመጡት ንቦች እንኳን የሉም፣ ሲመሽ የወፎቹ ጣፋጭ ዜማ የለም፣ ዓለሙን የምታስተኛው ኩኩ የምትባለው ወፍ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የለችም፣ ቅርንጫፉ ላይ ቀንም ፀሐይም የማይገፈው ጉም ወርዷል፣ ሄዝልና ሆሊ የሚባሉት ዛፎች የሉ፣ የዱር ፍሬ የለ፣ ድንጋይ ብቻ። አየሽ፣ ሰውየው ዛፉ ሲቆረጥ አብሮ የሄደውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራ ነው፣ ዛሬ አንድ የሥነ ምህዳር ባለሙያ ደን ከተመነጠረ በኋላ ወርዶ የሚቆጥረውን ነው የቆጠረው። ንስሩ የጌታው ምሳሌ ሊሆን ይችላል እሺ፣ ንቧስ? ዳክዬዋስ? ማሩና ሰሙስ የማን ምሳሌ ነው? ማርና ሰም የጠፋበት ሰው ምን እንደጠፋበት የምናውቀው እኛ ነን እኮ፣ ጧፉም ጠጁም ነው የቀረበት።

የትርጉምሽን ነገር እዚህ ላይ ላስገባ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ቃል "አይመድ" ይባላል፣ በቁሙ የቆመ ዛፍ ማለት አይደለም፣ ለሥራ የሚሆን እንጨት ማለት ነው፣ ለጣሪያ፣ ለበር፣ ለጀልባ፣ ለሬሳ ሳጥን የሚሆነው። ስለዚህ "ያለ ዛፍ" ሳይሆን "ያለ እንጨት" ብትይው ይሻላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል ግን ትልቅ ነው። ገጣሚው የተፈጥሮን ውበት ከሩቅ ቆሞ የሚያደንቅ ሰው አይደለም፣ በዛ ጫካ የሚኖር ሰው ነው፣ ነገ ቤቱን በምን እንደሚሠራ ነው የጨነቀው፣ ከዛ ከጭንቀቱ ተነስቶ ነው ወደ ወፉና ወደ ንቡ የሚሄደው። እኔ በግሌ ይሄን ግጥም ከሌላው ሁሉ አስበልጬ የምወደው ለዚህ ነው፣ ጥቅምና ፍቅርን አይለያያቸውም።

"የአየርላንድን ጫካ እንግሊዝ ለመርከቧ ብላ ጨረሰችው" የሚለውን ታሪክ ልጅሽ ትሰማው ይሆናል፣ እውነት አለበት ግን ሙሉ አይደለም። ደሴቲቱ ላይ ገበሬ ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ ጫካ ሲመነጥር ኖሯል፣ ብዙው ያለቀው ያኔ ነው። የተረፈው ላይ ነው በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የወረዱበት፣ ብረት ለማቅለጥ ከሰል ያስፈልጋል፣ ለወይን በርሜል ሳንቃ ይላካል፣ ለቆዳ ፋብሪካ የዛፍ ልጥ ይሸጣል፣ መሬቱን አዲስ የያዘው ሰው ደግሞ ነገ ሊነጠቅ ስለሚችል ቶሎ ወደ ገንዘብ ይለውጠዋል፣ በዛ ላይ ጫካው የአማፂ መደበቂያ ስለነበር እንዲጠፋ የሚፈልገው ብዙ ነው። 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ከአገሩ መሬት ደን የቀረው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ ወደ 11 በመቶ ከፍ ብሏል፣ ግን ትልቁ ድርሻ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ሲትካ ስፕሩስ የሚባል ዛፍ ነው፣ ተሰልፎ ተተክሎ በ30 እና በ40 ዓመቱ የሚቆረጥ፣ ከሥሩ ጨለማ የሆነ። ባህር ዛፍ ብቻ የተተከለበት ኮረብታ ያየ ሰው ስሜቱ ይገባዋል፣ አረንጓዴ ነው ግን ዝም ያለ ነው።

ባለቤትሽ "በዛ ዘመን ማን ለዛፍ ያለቅሳል" ያለው ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ልውሰድሽ። የአየርላንድ ጥንታዊ ህግ፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው፣ ዛፍን እንደ ሰው በማዕረግ ይከፍላል። አራት መደብ አለ፣ በየመደቡ ሰባት ሰባት ዛፍ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ "የጫካው መኳንንት" ይባላሉ፣ ኦክ፣ ሄዝል፣ ሆሊ፣ አሽ፣ ጥድ፣ የዱር ፖም እና ዩው የሚባለው። የሰው ዛፍ የቆረጠ በከብት ይቀጣል፣ ቅጣቱም እንደ ዛፉ ማዕረግ ነው። ኦጋም በሚባለው ድንጋይ ላይ በሚቀረፀው የድሮ ፊደላቸው ደግሞ ከፊደላቱ የተወሰኑት ስማቸው የዛፍ ስም ነው። የቦታ ስሙማ ሞልቷል፣ ዴሪ የሚባለው ከተማ በቋንቋው "ዶይረ" ነው፣ የኦክ ጫካ ማለት ነው፣ ኪልዴር "የኦክ ቤተ ክርስቲያን" ነው፣ ሜዮ "የዩው ሜዳ" ነው። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ሁሉ ካርታ ሲያደርጉ እነዚህን ስሞች በእንግሊዝኛ ድምፅ ጻፏቸው፣ ድምፁ ቀረ ትርጉሙ ሄደ። ዛፉ አንዴ በመጥረቢያ ወደቀ፣ ሁለተኛ ከስሙ ውስጥ ወደቀ። ልጅሽ ቋንቋውን ስለምታውቅ በአውቶቡስ ስታልፍ ታፔላው ላይ ያለውን ጫካ ታነበዋለች፣ ይሄን ብዙ የአገሩ ልጅ አያገኘውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የፖለቲካ ሐሳብ አለ፣ ባለቤትሽ ይወደዋል ብዬ አስባለሁ። በጥንታዊ አይሪሽ አስተሳሰብ ንጉሥ መሬቱን እንደሚያገባ ነው የሚቆጠረው፣ ፍርዱ የቀና ከሆነ ዛፉ ያፈራል፣ ላሟ ትታለባለች፣ ወንዙ በዓሣ ይሞላል፣ ፍርዱ ከጠመመ ሁሉም ይነጥፋል። በ700 ገደማ የተጻፈ ለንጉሥ የተሰጠ ምክር ላይ ይሄ ተዘርዝሮ አለ። ስለዚህ የኪል ኻሽ ገጣሚ ጌቶቹ ሲሄዱ ንቡም ሄደ ሲል ማስዋቢያ እየፈለገ አይደለም፣ ከሺ ዓመት በፊት ጀምሮ የሚታመን ነገር እየተናገረ ነው። ፖለቲካና አካባቢ ብሎ ሁለት ቦታ የሚከፍለው የእኛ ዘመን ነው፣ እነሱ ዘንድ አንድ ጥያቄ ነበር።

ከኪል ኻሽ በፊት ደግሞ መነኮሳቱ አሉ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አንድ አይሪሽ ጸሐፊ የላቲን ሰዋስው መጽሐፍ ህዳግ ላይ (መጽሐፉ ዛሬ ስዊዘርላንድ ሳንክት ጋለን ነው ያለው) ትንሽ ግጥም ጫር አድርጓል፣ የዛፍ አጥር ከብቦኛል፣ ጥቁሯ ወፍ ትዘምርልኛለች፣ ከተሰመረው መጽሐፌ በላይ የወፎቹ ዜማ ይንቆረቆራል ይልና መጨረሻ ላይ ጌታ ይጠብቀኝ፣ ጫካ ሥር ሆኜ ደስ ብሎኝ እጽፋለሁ ብሎ ይዘጋል። ብራና ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ አንባቢ ይሄን ሳይወድ አያልፍም። ሁሉም ዋሻ ውስጥ የኖሩ ባህታውያን ነበሩ ማለት ግን አይደለም፣ ብዙዎቹ በደንብ የተማሩ የትልልቅ ገዳም ሰዎች ናቸው።

የስዊኒ ታሪክ ደግሞ ለብቻው ሊወራ የሚገባው ነው። ንጉሥ ነው፣ ቅዱስ ሮናን ቤተ ክርስቲያን ሲተክል ተናዶ መዝሙረ ዳዊቱን ነጥቆ ሐይቅ ውስጥ ይጥልበታል፣ ይረገማል፣ በ637 በተደረገው የሞይራ ጦርነት ላይ ጩኸቱ አሳብዶት ብን ብሎ ይጠፋል፣ ከዛ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከዛፍ ዛፍ እየበረረ የምንጭ ዳር ቅጠል እየበላ ይኖራል። ታሪኩ አሁን ባለው መልኩ የተጻፈው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። መሀሉ ላይ ዛፎቹን በየስማቸው እየጠራ የሚያወድስበት ግጥም አለ፣ ኦክን ከሁሉ በላይ ረጅም ይለዋል፣ የፖም ዛፏን ሰው ሁሉ የሚያራግፍሽ ይላታል፣ ቅጠሉ የሚንቀጠቀጠውን አስፐን ግን ይፈራዋል፣ ኮሽታው ጦር የመጣ ይመስለዋል። ብርዱ ያሰቃየዋል፣ እሾሁ ያደማዋል፣ ቢሆንም ዛፎቹን ትቶ መሄድ አይችልም። ለእኔ ይሄ "ተፈጥሮ ውብ ናት" ከሚለው ግጥም ሁሉ ይበልጣል፣ ያለ ጣሪያ ሌሊቱን ያደረ ሰው ግጥም ነው።

አንድ ወፍ ላይ ቆም ልበል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካሃል ቡዊ ማክ ጊላ ጉና የሚባል ገጣሚ ነበረ፣ መጠጥ የሚወድ፣ የሞተው በ1756 ገደማ ነው። "ቢጫው ቢተርን" የሚባለው ግጥም የሱ ነው። ቢተርን ሸምበቆ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ ሲጮህ ከሩቅ እንደ በሬ የሚያገሳ ወፍ ነው። ገጣሚው በብርዱ ወራት ሲሄድ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ወፉ በውሃ ጥም ሞቶ ያገኘዋል፣ ያለቅስለታል፣ አንተ የሞትከው የሚጠጣ አጥተህ ነው፣ ሚስቴ መጠጥ ተው ትለኛለች፣ ብተው እንዳንተ መሞቴ ነው ይላል። ቀልድም አለበት ለቅሶም አለበት። ግጥሙን ወደ እንግሊዝኛ ከመለሱት አንዱ ቶማስ ማክዶና ነው፣ በ1916ቱ የአየርላንድ የነፃነት አመፅ መሪዎች ውስጥ ስለነበር በእንግሊዞች ተረሸነ፣ ወፉም የሱ መታሰቢያ ሆነ። ግን ወፉ ራሱ ምን ሆነ? ረግረጉ እየተደረቀ ሸምበቆው እየጠፋ አዳኙም እየጨመረ መጥቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ አየርላንድ ውስጥ መራባቱን አቆመ። ማለትም በሺ የሚቆጠር ልጅ ግጥሙን በቃሉ ሲወጣ ድምፁን ሰምቶት አያውቅም። ሰሙን ጥለን ወርቁን ብቻ ስንይዝ የሚመጣው ይሄ ነው፣ ማክዶናን እናስታውሳለን፣ ወፉ ግን መሄዱን ማንም ልብ አይልም።

ወደ ዛሬው ልምጣ። በ2022ቱ ቆጠራ አየርላንድ ሪፐብሊክ ውስጥ 1.87 ሚሊዮን ሰው አይሪሽኛ እችላለሁ ብሏል፣ ከትምህርት ቤት ውጪ በየቀኑ የሚናገረው ግን 71,968 ብቻ ነው። ቋንቋው በዋናነት የሚኖረው ምዕራብ ዳርቻ ላይ ነው፣ ዶኒጎል፣ ሜዮ፣ ኮነማራ፣ ኬሪ፣ ደሴቶቹ ላይ። አሁን ኮርንክሬክ የምትባለውን ወፍ ካርታ አምጥተሽ ጎኑ አስቀምጪው። ይቺ ወፍ የአውሮፓን ብርድ ሸሽታ ወደ አፍሪካ ትመጣለች፣ ተመልሳ የምትፈለፍለው የሳር ማሳ ውስጥ ነው፣ ድሮ አገሩ ሁሉ ሌሊት በሷ ጩኸት አይተኛም ነበር፣ ማጨጃ ማሽን መጥቶ ሳሩ ገና ጫጩት ሳይወጣ መታጨድ ሲጀምር አለቀች። ዛሬ የተረፈችው ዶኒጎል፣ ሜዮና ኮነማራ ዳርቻና ደሴት ላይ ነው፣ ትንንሽ ማሳ ባለበት፣ ሳር ዘግይቶ በሚታጨድበት። ከቋንቋው ጋር ብዙ ቦታ ይገጣጠማል፣ ሁለቱም የተረፉት ትልቁ እርሻና ትልቁ ገንዘብ ዘግይቶ የደረሰበት ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። በአይሪሽኛ የሚገጥም ሰው ስለ ወፍ መጥፋት ሲጽፍ ስለ ራሱ ቃል መጥፋት የሚጽፍ የሚመስለው ለዚህ ነው፣ ከመሬት የመጣ ነገር ነው።

ሰዎቹን ልጥቀስልሽ። ማርቲን ኦ ዲራን በ1910 አራን ደሴት ላይ ተወለደ፣ እዛ አፈር የለም፣ ባዶ ድንጋይ ላይ አሸዋና የባህር አረም እያመጡ በእጃቸው አፈር ሠርተው ነው ድንች የሚተክሉት። ደብሊን ገብቶ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ፣ አንድ ግጥሙ ላይ አባቶቻችን ከድንጋይ ታግለው ቤትና ግንብ ትተው አለፉ፣ እኛ የምንተወው አቧራ የለበሰ የፋይል ክምር ነው ይላል። ሾን ኦ ሪርዶን (1916 እስከ 1977) ደግሞ አጭር ግጥም አለው፣ አንድ ሰው ና ፈረሱ ዓይን ውስጥ ያለውን ሐዘን እይ ይለዋል፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ኮቴ ቢኖርህ አንተም ታዝን ነበር ይለዋል፣ ገጣሚው ሲያይ የሰውየውን ዓይን ፈረሱ ላይ፣ የፈረሱን ዓይን ሰውየው ላይ ያገኘዋል። ስለ እንስሳ መብት አንድ ቃል አልተናገረም፣ ግን ያን ካነበብኩ በኋላ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ እንደ ድሮው አይቼ አላውቅም።

ኑዋላ ኒ ጎኒል አለች፣ በ1952 የተወለደች፣ ኬሪ ውስጥ ያደገች። ተስፋዬን በቋንቋ ጀልባ ላይ አስቀምጬ እለቃለሁ፣ ሕፃን ሙሴን ሸምበቆ መሀል በቅርጫት እንደለቀቁት፣ ምናልባት አንድ የፈርዖን ልጅ ጭን ላይ ይደርስ ይሆናል የሚለው ግጥሟ ታዋቂ ነው፣ ልጅሽ ታውቀው ይሆናል። ቅርጫቱ የተሠራው ከወንዝ ዳር ቅጠል መሆኑን እይው፣ ቋንቋውን የሚሸከመው ተክል ነው። ቢዲ ጄንኪንሰን በሚል የብዕር ስም የምትጽፈው ደግሞ ተፈጥሮ ግጥሟ ውስጥ ሞልቶ እያለ አየርላንድ ውስጥ ሥራዋ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጎም አትፈቅድም፣ ሁሉ ነገር ያለ ኪሳራ ታጭዶ ጎተራ ይገባል የሚለውን ሐሳብ እምቢ ማለቷ ነው። አንዳንዱ ግትርነት ይለዋል፣ እኔ ትክክል ናት እላለሁ፣ ሌላ ቦታ ነቅለሽ ስትተክዪው የማይበቅል ነገር አለ።

ረግረጉን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። "ቦግ" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ ከአይሪሽኛ ነው የመጣው፣ ለስላሳ ማለት ነው። ለሺዎች ዓመታት የተጠራቀመውን የረግረግ አፈር ቆርጠው አድርቀው እንደ ኩበት ነው የሚያነዱት፣ ቦርድ ና ሞና የሚባለው የመንግሥት ድርጅት በ1946 ተቋቁሞ በማሽን ሲቆርጠው ኖሮ በ2021 መቁረጡን እንደሚያቆም አሳወቀ፣ አሁን የቆረጠውን መልሶ ውሃ እንዲይዝ እያደረገ ነው። ይሄ ለገጠሩ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፣ ቤቱ የሞቀው፣ ልጁ የተማረው በሱ ነው። ዛሬ ስለ ረግረግ ሲገጠም ሁለቱንም ካልያዘ፣ የሚሞቀውን እጅና የሚቆረጠውን መሬት፣ እኔ እንደ ጥሩ ግጥም አልቆጥረውም። ኪል ኻሽ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ይዞታል፣ "እንጨት" ብሎ ስለጀመረ።

ስለዚህ ለልጅሽ እንዲህ ብትሰጫት ደስ ይለኛል፦ "ከእንግዲህ ያለ እንጨት ምን ልንሆን ነው፣ የመጨረሻው ጫካ ወድቋል።" ንቦቹ ያሉበት ቦታ ስትደርሱ "ማርና ሰም" የሚለውን አትዝለሉት፣ "ማር" ብቻ ብላችሁም አታሳጥሩት። መጨረሻው ላይ እመቤቲቱ እንድትመለስ፣ ጭፈራው፣ ቫዮሊኑና ደመራው እንዲመለስ፣ ግንቡም እንደገና ተሠርቶ የጥፋት ውሃ እስኪመለስ ድረስ እንዳይፈርስ ወደ ማርያምና ወደ ሰማይ ንጉሥ የሚጸለይ ጸሎት አለ፣ እሱን አባቷ ይተርጉምላት፣ የፖለቲካው ክፍል የሱ ይሁን። የወፎቹን ስም ግን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሥሩት፣ አንዳንዱ በአማርኛ ስም የለውም፣ ስም ያጣችሁለትን በአይሪሽኛ ስሙ እንዳለ በእኛው ፊደል ጻፉት።